አራጄ ነው ብሎ አስተዋወቀኝ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ባራካ ቀድሞኝ ቆሟል። ጥልፍ ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ባዶ ጠርሙሶች የታጨቁበትን ሳጥን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከጫኙ ጋር ይከራከራል። ጫኙ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ይውጣ ይላል፣ ባራካ ጭኔ ላይ ይቀመጣል ይላል። እኔ ገብቼ ካስታረቅኳቸው በኋላ ሳጥኑ ከእግሬ ሥር ገባ፤ እስከ ደሴ ድረስ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ አጣሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ያኔ በዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ተማሪዎችን የምረዳ የቢሮ ሰው ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ከየአፍሪካው አገር የሚመጡትን መኝታ አስይዛለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አሳድሳለሁ፣ ሰዓት እላፊ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳለሁ፣ በርበሬ ያቃጠላቸውን አጽናናለሁ። ባራካ ከታንዛኒያ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር የመጣ የዓሣ ተማሪ ነው። ለአዲስ መጪ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ሰዓታችን ነበር፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፣ አትሳሳቱ እላለሁ። ባራካ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ። ለካ እነሱም አገር ቤት እንዲሁ ነው የሚቆጥሩት። ያን ቀን ‘ይሄማ የራሳችን ሰው ነው፣ ምንም አያስቸግረውም’ ብዬ ደመደምኩ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ትምህርቱ ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ቢሮዬ መጥቶ አገሬ ልገባ ነው አለኝ። ትምህርቱ አልከበደውም፤ መምህሩ በእሱ ይምላል። ብርዱንም ለምዶታል። ‘ታዲያ ለምን?’ ስለው መልሱ ‘ምንም’ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የጀመረውን ሳይጨርስ ላለመሄድ ብሎ የመጨረሻውን የውሃና የዓሣ ናሙና ከሐይቅ ሊያመጣ ተነሳ፤ አለቃዬም አብረኸው ሂድና እስቲ አናግረው አለኝ። ለአለቃዬ ስል አልነበረም የሄድኩት። ባራካን እወደው ነበር፣ እንዲሄድ አልፈልግም ነበር።

ደብረ ብርሃንን አለፍን፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን፣ ከዋሻው ስንወጣ ቆላው ከታች ተዘርግቶ ታየ። ባራካ አፉን ከፍቶ ያያል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላችን ያሉት እናት እያንዳንዱ ኩርባ ላይ አንድ ማርያም፣ አጠገባቸው ያሉት ሰውዬ አንድ ያረቢ ይላሉ፤ ሾፌሩ ሁለቱንም አይሰማም።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ መሣሪያውን አንግቶ የይለፍ ወረቀታችንን ገለባበጠና፣ ባራካን አየት አድርጎ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ ‘ይሄስ ማነው?’ አለው። ባራካ አማርኛን ከመጽሐፍ ነው የተማረው፤ ዕድል ሲያገኝ መናገር ይወዳል። ‘ረዳቴ ነው’ ሊል ፈልጎ ደረቱን ነፋና፣

‘እሱ አራጄ ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እያረደኝ ነው’ አለ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ቃል በፈታሽ ፊት በዋዛ የሚታለፍበት አልነበረም። ፈታሹ ከንፈሩን ነክሶ፣ ‘እና አንተ ዝም ብለህ ትታረዳለህ?’ ሲል ጠየቀው። ባራካ በሙሉ ልብ ‘አዎ፣ በጣም ጥሩ አራጅ ነው’ ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ እነዚያ ማርያም ማርያም የሚሉት እናት ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ፈታሹም ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ወረቀታችንን ሳያነብ መለሰልን። ከዚያ ወዲያ እስከ ደሴ ድረስ በአውቶቡሱ ውስጥ ስሜ አራጁ ሆነ፤ ሮቢት ላይ ሙዝ ስገዛ ሻጯ እንኳ ሰምታ ኖሮ ‘ለአራጁ መርቄያለሁ’ ብላ ሁለት ጨመረችልኝ።

ምሳ ካራቆሬ በላን። እኔ ከሾፌሩና ከሌሎች ሁለት መንገደኞች ጋር በአንድ ትሪ ቀይ ወጥ ቀረብኩ። ለባራካ ለብቻው እንቁላል ፍርፍር በትንሽ ሳህን አዘዝኩለት። በዩኒቨርሲቲው ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምናደርገው። ስሙ ባራካ ነው፣ ጥልፍ ቆብ ያደርጋል፤ የእስላም ልጅ ፊት የክርስቲያን ሥጋ አለማቅረብ ጨዋነት ነው። ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ መጠየቁም ነውር መስሎን ነበር። እሱ ሳህኑን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞሮ በላ።

ማክሰኞ፣ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። እህል የጫነ ፊያት ላይ ጆንያ ተደግፈን ሄድን። ነፋሱ የባራካን ቆብ ሊወስድ ይታገላል። ድንገት ከዛፎቹ መሐል ውሃው ብልጭ ሲል ባራካ ጆንያው ላይ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እስኪቆጣ ድረስ ቆሞ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ጥርሱ ግን ይስቃል።

ከተማው ዳር ወርደን የመጀመሪያውን ሰው ‘ይህ ሐይቅ ማን ይባላል?’ ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ‘ሐይቅ’ አሉት። ‘ሐይቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስሙን ነው’ አለ። ‘ሐይቅ ነው እኮ የምልህ’ አሉት ሰውዬው፣ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እኔ ጣልቃ ገብቼ ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ መሆኑን እስካስረዳ ድረስ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ጆሮ ተጠራጥረው ነበር።

ቀበሌው ፈቃዳችንን አይቶ ወደ ሰይድ መራን። ሰይድ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ከደንገል የታሰረ ታንኳ አለው። ባራካ ታንኳው ላይ ሲወጣ ይወድቃል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቆሞ መረብ ይዘረጋል። ሰይድ ‘ወላሂ፣ ይሄ ሰው የውሃ ልጅ ነው’ አለ። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ጠርሙስ አቀብላለሁ። እስከ እኩለ ቀን ውሃ ቀዱ፣ እዚያ ቆሮሶ የሚሉትን ጠፍጣፋ ዓሣ ለኩ፣ ሰይድ በአማርኛ ባራካ በስዋሂሊ የሆነ ነገር እያወሩ ይስቃሉ። ኪታብ፣ ሰላም፣ ሰፈር፣ ኸበር እያሉ የጋራ ቃል እየለቀሙ ነበር። ባራካ እንዲህ ሲፍለቀለቅ ዓመቱን ሙሉ አላየሁትም።

ወደ ሰይድ ቤት ስንሄድ ሚስቱ መዲና በር ላይ ጠበቀችን።

‘መርሃባ፣ መርሃባ። ግቡ፣ አፈር ስሆን’ አለች።

ከገባን በኋላ የኔን ስምና አገር ጠየቀች፣ ስለ እናቴ ጤና ሳይቀር ጠየቀች። ለእኛ የተዘጋጀች ዶሮ ጓሮ እግሯ ታስሮ ትጮኻለች። መዲና ወደ ባራካ ዞረች። ወሎ ነው፤ እዚያ በአንድ ቤት አጎት ክርስቲያን፣ አክስት እስላም ሊሆን ይችላልና ነገሩ እንደ አዲስ አበባ በሹክሹክታ አይያዝም፤ ጮክ ብሎ ይጠየቃል።

‘አንተስ፣ የኔ ወንድም፣ ማን ይረድልህ?’ አለችው።

ባራካ ‘ማን ይርዳህ?’ ያለችው መሰለው። ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣

‘እሱ! ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያርደኝ’ አለ።

ሰይድ የያዘውን ውሃ አፈሰሰው። መዲና ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ የእንግዳ ክብር ነውና ግራ ተጋብታለች። ‘እሱማ ክርስቲያን ነው’ አለችው ቀስ ብላ። ‘አንተ እስላም ስለሆንክ ሰይድ ይረድልህ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።’

‘እኔ እስላም አይደለሁም። ክርስቲያን ነኝ’ አለ ባራካ።

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ‘ባራካ አይደል እንዴ ስምህ?’ አልኩት፣ ባልለው የሚሻል ነገር። ‘በረከት ማለት ነው’ አለኝ። ‘ቆቡስ?’ ‘አገራችሁ ይበርዳል’ አለኝ። እነሱ አገር ደግሞ አራጁ በልማድ እስላም ነው፣ ሁሉም ቀርቦ ይበላል፤ ሥጋ በሃይማኖት እንደሚለይ ሰምቶም አያውቅም።

መዲና ያን ጊዜ ሳቋ መጣላት፤ ወዲያው ግን ሥራ አለባት። ዶሮዋና ቢላዋው ለእኔ ተሰጡኝ። ‘አራጁ’ የሚለው ስም እውነት ሊሆን ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ዶሮ የማውቀው ወጥ ሆና ነው። ገመዱን ስፈታ አመለጠችኝ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ዘላ ጎረቤት ገባች፣ እኔም ቢላዋ ይዤ ተከተልኳት። ጎረቤቱ ተገኘ ይባላል፣ ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ ከሰይድ ጋር በአንድ ጥማድ በሬ የሁለት ቤት ማሳ የሚያርሱ ናቸው። የማያውቀው ሰው በቢላዋ ግቢው ሲገባበት ዱላውን አነሳ፤ ሰይድ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ነገር በሳቅ እያቆራረጠ ነገረው። ተገኘ ዶሮዋን በአንድ እጁ ያዛት፣ ቢላዋውን ከእኔ ተቀበለኝ፣ አለቀ። የክርስቲያን ሥጋ መዲና ድስት ውስጥ ስለማይገባም ወጡ እሱ ቤት ተሠራ።

ምሳው ወደ ማምሻው ደረሰ። እኔ፣ ተገኘና ባራካ ለአንድ ትሪ ተቀመጥን። ሰይድ ሊያጫውተን በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ባራካ እጁን ወደ ትሪው ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው። እኔን አየኝ። ተገኘን አየው። ማንም አልከለከለውም፤ ተገኘማ ‘ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል’ አለው። ባራካ አንድ ቆረሰ፣ አጎረሰኝም። ከዚያ ነው በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ የተናገረው፤ እኔ ለሌሎቹ ተረጎምኩ።

‘ዓመቱን ሙሉ ለምን ለብቻዬ አበላችሁኝ? እጄ ምን ነበረበት?’

ለካ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ላውንጅ እጁን ወደ ትሪው ሲዘረጋ አንዱ መምህር ለስለስ አድርጎ መልሶለት ‘ያንተ ይመጣል’ ብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ትንሽ ሳህን ተከትሎታል። ሰው ሁሉ ይስቅለታል፣ ሻይ ይጋብዘዋል፣ ምግብ ሲመጣ ግን ይለየዋል። የምንጸየፈው መስሎት ኖሯል። አገሬ ልገባ ነው ያለውም ለዚህ ነው፤ ይህን ለማን ይናገራል?

እኔ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፣ ሁለቱንም አደረግኩ። ሃይማኖቱን አክብረን፣ ተጠንቅቀን፣ ተጨንቀን፣ በጨዋነት ልናባርረው ደርሰን ነበር። ተገኘ ትርጉሙን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ሐይቅ አንድ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ ወቀሰኝ። እውነቱን ነው። ባራካ ግን ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ ነበር። ሰይድ እዚያ ባዶ እጁን ተቀምጧል፤ ታንኳ ላይ አብሮት የዋለው ሰው አሁን ከትሪው ውጭ ነው። ለምን እንደሆነ አስረዳሁት። ገባው፣ ግን አልጣመውም። ‘ነገ ምሳ የምሠራው እኔ ነኝ’ አለ።

ረቡዕ፣ ውጫሌ ደርሶ መልስ

ለምሳው ቲማቲም፣ ሎሚና ቃሪያ ያስፈልጋል። የሚገኘው ውጫሌ ነው ተባለና፣ እኔ፣ ባራካና ተገኘ በጠዋት የጭነት መኪና ላይ ወጣን። የአምባሰል ተራራ በጠዋት ፀሐይ ተቆርጦ የቆመ ነው፤ መንገዱ ከሥሩ ሥሩ ይጠማዘዛል። ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያንጎራጉራል። ባራካ ዜማው ምን እንደሚባል ጠየቀኝ፤ አምባሰል አልኩት። ተራራውስ? አምባሰል። ‘ገባኝ፣ ሐይቁም ሐይቅ ነው’ አለኝ።

ገበያው ደርቷል። አህያ፣ ጨው፣ ማሽላ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ግፊያ። ሴቶቹ የባራካን ቆብ አይተው ‘አሰላሙ ዓለይኩም’ ይሉታል፤ ተገኘ ከኋላ ‘ክርስቲያን ነው፣ ክርስቲያን’ እያለ ያርማል። ባራካ ለሁሉም ‘ወዓለይኩም ሰላም’ ብሎ ይመልሳል። ቲማቲም ሻጯ ሁለቱንም ሰምታ ‘የማንም ይሁን፣ ጨዋ ነው’ ብላ ዋጋ ቀነሰችለት።

ሻይ ቤት ገብተን ባራካ እንቁላል አዘዘ። ተገኘ ትዕዛዙን አስቆመው። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ባራካ ሉተራን እንደሆነና እነሱ ረቡዕ እንደማይጾሙ ሊያስረዳ ሞከረ። ተገኘ በትዕግሥት አዳመጠውና ‘ትናንት ክርስቲያን ነኝ ብለሃል’ አለው። ክርክሩ አበቃ። ባራካ ደረቅ ዳቦውን በሻይ እያራሰ፣ እስላም ሆኜ ብቆይ ይሻለኝ ነበር ብሎ አጉተመተመ፤ ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሐይቅ ተመልሰን ባራካ የመዲና ግቢ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎለተ። ዓሣውን ሰይድ በጠዋት አስግሮ ጠብቆናል። መዲና ድስቷን ራሷ አመጣች። ባራካ ‘ይቻላል?’ ብሎ ሲጠይቃት ሰይድ ነው የመለሰለት፤ ዓሣ አራጅ አይሻም፣ ከውሃ ሲወጣ ያለቀለት ነው አለው። ባራካ ወደ ተገኘ ዞሮ ‘ጾምስ?’ አለ። ተገኘ የእኛ ቄስ አይበሉም፣ እኔ እበላለሁ፣ ሁለታችንም ሰማይ ቤት እንገናኛለን አለ።

ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ሎሚው። ዓሣው ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ገባ። መዲና ከነዓይኑ ስታየው ፊቷን ሸፈነች። ሲወርድ በትልቁ ትሪ ተገለበጠ፤ ሰይድ፣ ተገኘ፣ እኔና ባራካ ከበብን። መዲና እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ ብላ ቆመች። ባራካ ተነስቶ ፊቷ ቆመና፣ ከእሷው የለቀመውን ቃል መልሶ፣

‘ነይ፣ አፈር ስሆን’ አላት።

እንዲያ ብሎ የለመነ የታንዛኒያ ሰው ወሎ ከቶ አይቶ ይሆን? መዲና እየሳቀች ተቀመጠች። አምስታችንም በአንድ ትሪ በላን። አጥንቱ አስቸገረን፣ ቃሪያው አስለቀሰን፣ ተገኘ የዓሣ ዓይን ቢበላ ያየዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ባራካ አይበላም ማለት ይቻላል፤ የሚበሉትን እጆች እያየ ነው የዋለው። በሕይወቴ ብዙ ድግስ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ምሳ ግን የለም።

ሐሙስና ዓርብ፣ መመለሻ

ሐሙስ እስጢፋኖስ ገዳም ከሚገኝበት ልሳነ ምድር ወዲህ ባለው ውሃ የመጨረሻዎቹን ጠርሙሶች ሞላን። ከዛፎቹ ውስጥ የተማሪዎች ዜማ ይሰማል። ባራካ መቅዘፉን አቁሞ አዳመጠ። ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ የሚለው ጥያቄ አፌ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ያንን ሁሉ ካስቻልነው በኋላ አትሂድ ብዬ ልለምነው ምን አፍ አለኝ?

መዲና መንገድ ዳር ድረስ ሸኘችን። እጆቿን ዘርግታ ዱአ አደረገችለት፤ አገርህ ብትገባም ኸይር፣ እዚህ ብትሰነብትም ኸይር አለችው። እሱ አሚን አላት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተኛ። እኔ ነቅቼ ለአለቃዬ የምለውን ሳወጣ ሳወርድ፣ ሳጥኑ አሁን ሞልቶ ከብዷልና እግሬን ሲያደማኝ፣ አዲስ አበባ ገባን።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

አለቃዬ ‘ይሄዳል ወይስ ይቀራል?’ አለኝ። አላውቅም አልኩት፣ አላውቅም ነበርና።

ምሳ ሰዓት ላውንጁ ሞልቷል። ወጣት መምህራንና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሰብሰብ ብለው በየትሪው ቀርበዋል፤ ቀይ ወጥ ነው። ላውንጁን የያዙት እትዬ አስካለ ባራካን በሩ ላይ እንዳዩት፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ‘እንኳን ደህና ገባህ ልጄ፣ ያንተን አልረሳሁም’ ብለው ያንን ትንሽ ሳህን ይዘው መጡ። እንቁላሉ ይጨሳል። ነገሩን ልነግራቸው ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ባራካ በእጁ አስቀመጠኝ። ሳህኑን ተቀበላቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ አላቸው። ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ሄደ። እንቁላሉን ትሪው መሐል፣ ቀዩ ወጥ ላይ ገለበጠው።

ስድስት ሰው እጁን አንጠልጥሎ ቀረ።

‘ተጠጉ’ አለ ባራካ፣ ወንበር በእግሩ እየሳበ። ‘ሁለት ዓመት ልቆም አልችልም።’